የሆስፒታል ሕሙማን ጥየቃ እና የመተንፈሻ አካላት በሽታዎች መከላከል

የሆስፒታል ሕሙማን ጥየቃ በሆስፒታል ተኝቶ የሚታከምን ሰው ቤተሰብ፣ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ ወይም ወዳጅ ሄዶ የሚያይበት፣ የሚያጽናናበትና የሚረዳበት ልማድ ነው። ጥየቃ ለሕመምተኛው ብርታት ይሰጣል፤ በብዙ አገሮችም የእንክብካቤው አንድ ክፍል ነው። በሌላ በኩል ጠያቂው ከውጭ ይዞት የገባው ጉንፋን ወይም ኢንፍሉዌንዛ የተዳከመን ሰው ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ጠያቂው ራሱም በሆስፒታል ውስጥ በበሽታ ተይዞ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። አደጋው በሁለቱም አቅጣጫ ስለሆነ ጥንቃቄውም ሁለቱንም ወገን ይመለከታል።

የመከላከያው ዋና ዋና ነጥቦች ጥቂት ናቸው፦ የታመመ ሰው ጠያቂ ሆኖ አለመሄድ፣ በቁጥር አንሶ መግባት፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ (ማስክ) ማድረግ፣ ሲገቡና ሲወጡ እጅን ማጽዳት፣ የክፍሉ አየር እንዲቀያየር ማድረግ እና ቆይታን ማሳጠር። እነዚህ ከተጠበቁ ጥየቃን ማቆም ሳያስፈልግ አደጋውን በብዙ መቀነስ ይቻላል።

ልማዱና ትርጉሙ

በኢትዮጵያ የታመመን መጠየቅ ልቅሶ እንደ መድረስ ካሉት ማኅበራዊ ግዴታዎች አንዱ ነው። ሳይጠይቅ የቀረ ሰው በዘመድና በጎረቤት ዘንድ ቅሬታ ያተርፋል። ዕድርተኞች፣ የማኅበር አባላትና የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ብዙ ጊዜ በቡድን ሆነው ይሄዳሉ። ባዶ እጅ መሄድ ስለማይወደድ ብርቱካን፣ ሙዝ፣ ጭማቂ፣ ወይም በቤት የተዘጋጀ አጥሚትና ሾርባ ይያዛል። ሰላምታውም መጨባበጥና ጉንጭ መሳሳም ነው።

ልማዱ ሃይማኖታዊ መሠረትም አለው። በክርስትና የታመመን መጠየቅ ከምሕረት ሥራዎች ይቆጠራል። በእስልምና አንድ ሙስሊም በሌላው ላይ ካሉት መብቶች አንዱ ሲታመም መጠየቁ ነው። በአይሁድ እምነት ደግሞ ይኸው ተግባር «ቢኩር ሖሊም» ተብሎ ይታወቃል። እነዚሁ ሃይማኖቶች ጥየቃን ከጥንቃቄ አይለዩም። በነቢዩ ሙሐመድ ሐዲስ ወረርሽኝ ወዳለበት አገር አለመግባትና ካለበትም ሸሽቶ አለመውጣት ታዟል። በአይሁድ ትምህርትም ለጥየቃ የማይመቹ የቀኑ ሰዓቶች ተለይተው ተቀምጠዋል።

ወደ ሆስፒታል የሚሄዱት ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። ጠያቂ ለጥቂት ደቂቃ አይቶ የሚመለስ ሲሆን፣ አስታማሚ ከሕመምተኛው ጋር የሚውል ወይም የሚያድር ነው። በኢትዮጵያ የመንግሥት ሆስፒታሎች አስታማሚ ያበላል፣ ያጣጥባል፣ መድኃኒት ይገዛል፣ የምርመራ ውጤት ያመላልሳል። ስለዚህ የጠያቂን ቁጥር መቀነስ ይቻላል፤ አስታማሚን ማስቀረት ግን በተግባር ሕመምተኛውን ያለ ረዳት መተው ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለይቶ ማየት ለመከላከያው ሥራ መነሻ ነው።

በሽታዎቹ የሚተላለፉበት መንገድ

ሰው ሲተነፍስ፣ ሲያወራ፣ ሲዘምር፣ ሲያስነጥስና ሲያስል ከአፉና ከአፍንጫው በመጠን የተለያዩ የእርጥበት ቅንጣቶች ይወጣሉ። ትልልቆቹ በአቅራቢያ ወደ መሬት ይወድቃሉ። ረቂቆቹ ግን በአየር ላይ ተንሳፈው ይቆያሉ፤ አየሩ በማይቀያየርበት ክፍልም እየተጠራቀሙ ይሄዳሉ። ቀደም ሲል ባለሙያዎች በሽታዎችን «በጠብታ የሚተላለፉ» እና «በአየር የሚተላለፉ» ብለው አጥብቀው ይለዩ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ባወጣው የጋራ ሰነድ ግን ሁሉንም መጠን ያላቸውን ቅንጣቶች «ተላላፊ የትንፋሽ ቅንጣቶች» በሚል አንድ ስያሜ አጠቃልሏል። ምክንያቱም በመጠናቸው መካከል ግልጽ ድንበር የለም፤ በቅርብም በርቀትም ሊተላለፉ ይችላሉ።

ሌላው መንገድ ንክኪ ነው። ሕመምተኛው በእጁ አፍንጫውን ጠርጎ የአልጋ ብረት፣ የበር እጀታ ወይም ስልክ ይነካል። ጠያቂው ያንኑ ነክቶ ዓይኑን፣ አፍንጫውን ወይም አፉን ሲነካ ጀርሙ ይገባል።

በጥየቃ ወቅት በተለይ የሚያሳስቡት በሽታዎች የሚከተሉት ናቸው፦

- ኢንፍሉዌንዛ፦ ምልክቱ ከተያዙ ከ1 እስከ 4 ቀን ውስጥ ይታያል። የተያዘ አዋቂ ምልክት ከመታየቱ 1 ቀን በፊት ጀምሮ፣ ከታየ በኋላም ከ5 እስከ 7 ቀን ድረስ ሊያስተላልፍ ይችላል።
- ኮቪድ-19፦ ምልክቱ ከ2 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል። ምልክት የሌለው ሰውም ያስተላልፋል።
- አር.ኤስ.ቪ.፦ በጤናማ አዋቂ ላይ ተራ ጉንፋን መስሎ ያልፋል፤ ከ6 ወር በታች የሆኑ ሕፃናትንና አረጋውያንን ግን ለከባድ የሳንባ ሕመም ይዳርጋል። በእጅና በተነኩ ዕቃዎችም በቀላሉ ይተላለፋል።
- ትክትክ፦ በአዋቂ ላይ ለሳምንታት የሚቆይ ሳል ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ለጨቅላ ሕፃን ግን ገዳይ ነው።
- ኩፍኝ፦ ከሁሉም በላይ ተላላፊ ነው። የተያዘው ሰው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ ቫይረሱ በአየሩ ውስጥ እስከ 2 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን በፊት ጀምሮ ከወጣ እስከ 4 ቀን ድረስ ይተላለፋል።
- ሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ)፦ በአየር ይተላለፋል። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ለረጅም ሰዓት አንድ አየር የተነፈሱትን ሰዎች ነው። በመጨባበጥ ወይም በዕቃ በመጋራት አይተላለፍም።

ሆስፒታል የተለየ የሆነበት ምክንያት

አንድ ቫይረስ በገበያና በሆስፒታል ውስጥ የሚያደርሰው ጉዳት እኩል አይደለም። በሆስፒታል የሚገኙት ሰዎች አስቀድመው የተዳከሙ ናቸው። ለከፍተኛ አደጋ የተጋለጡት ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያን፣ የካንሰር ሕክምና የሚወስዱ፣ የኩላሊት ወይም ሌላ የአካል ክፍል ንቅለ ተከላ ያደረጉ፣ የልብ፣ የሳንባና የስኳር ሕሙማን፣ እንዲሁም ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ያለና መድኃኒት ያልጀመሩ ሰዎች ናቸው። ከቀዶ ሕክምና የወጣ ሰውም ቁስሉ ስለሚያመው በደንብ ማሳልና በረጅሙ መተንፈስ ያቅተዋል። በዚህም ምክንያት ሳንባው ለኢንፌክሽን ይጋለጣል።

ሁለተኛው ምክንያት መጨናነቅ ነው። በአንድ ዋርድ ስድስትና ስምንት አልጋ ባለበት፣ በየአልጋው ሦስትና አራት ጠያቂ ቢቆም በክፍሉ ከሃያ በላይ ሰው ይገኛል። አንዱ ጠያቂ የሚያስለው ለራሱ ዘመድ ብቻ አይደለም፤ አጠገብ ለተኛው የማያውቀው ሰውም ጭምር ነው።

ከታሪክ የተገኙ ትምህርቶች

የኅዳር በሽታ፦ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሚሊዮን ሰው የፈጀው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በኅዳር 1911 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1918) አዲስ አበባን ክፉኛ መታ፤ በኢትዮጵያም «የኅዳር በሽታ» ተባለ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንንም ታመው ድነዋል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠል ልማድ፣ ማለትም «ኅዳር ሲታጠን»፣ ከዚህ ወረርሽኝ ጋር ተያይዞ ይነገራል። አካባቢን ማጽዳት መልካም ቢሆንም ኢንፍሉዌንዛ የሚሄደው ከትንፋሽ ወደ ትንፋሽ ስለሆነ ጭስ አያግደውም።

የባልቲሞር ሙከራ፦ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ዊልያም ዌልስና ሪቻርድ ራይሊ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ከተኙበት ዋርድ የሚወጣውን አየር በቧንቧ ወደ ጊኒ ፒጎች (ለምርምር ወደሚያገለግሉ ትናንሽ እንስሳት) ክፍል እንዲገባ አደረጉ። እንስሳቱ ሕሙማኑን ሳያገኙ በአየሩ ብቻ ተያዙ። ሳንባ ነቀርሳ በአየር እንደሚተላለፍ በማያሻማ መንገድ የታየው በዚህ ሙከራ ነው።

ሆንግ ኮንግ 2003፦ የሳርስ በሽታ በተስፋፋበት ዓመት በፕሪንስ ኦፍ ዌልስ ሆስፒታል አንድ ዋርድ ውስጥ ከተኛ አንድ ሕመምተኛ በተነሣ ወረርሽኝ 138 ሰዎች ተያዙ። ከነዚህ 69ኙ የጤና ባለሙያዎች፣ 16ቱ የሕክምና ተማሪዎች፣ 53ቱ ደግሞ በዋርዱ የነበሩ ሕሙማንና ዘመድ ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች ነበሩ። በሳል ጊዜ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ ለሚያስል ሰው ማስክ መስጠትና ራቅ ብሎ ማስቀመጥ በብዙ አገሮች የሆስፒታል መደበኛ ደንብ የሆነው ከሳርስ በኋላ ነው።

ደቡብ ኮሪያ 2015፦ ለኢትዮጵያ ልማድ በጣም የሚቀርበው ምሳሌ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 ከመካከለኛው ምሥራቅ የተመለሰ አንድ ሰው መርስ የተባለውን የመተንፈሻ በሽታ ይዞ ገባ። በወረርሽኙ 186 ሰዎች ተይዘው 38ቱ ሞተዋል። ከተያዙት ሲሶ ያህሉ ሕሙማንም የጤና ባለሙያዎችም አልነበሩም፤ አስታማሚ ቤተሰቦችና ጠያቂዎች ነበሩ። በሴኡል ሳምሰንግ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ከአንድ ሕመምተኛ ብቻ 82 ሰዎች ሲያዙ 41ዱ፣ ማለትም ግማሾቹ፣ ጠያቂዎች ነበሩ። ሁኔታውን የመረመሩት ባለሙያዎች የድንገተኛ ክፍሎች መጨናነቅን፣ ብዙ አልጋ ያለባቸውን ክፍሎችና ዘመድ ወዳጅ በብዛት የመጠየቅ ልማድን ለስርጭቱ አስተዋጽኦ ካደረጉት ምክንያቶች መካከል ጠቅሰዋል። ከዚያ በኋላ የአገሪቱ ትልልቅ ሆስፒታሎች የጠያቂን ቁጥርና ሰዓት ወሰኑ።

ኮቪድ-19፦ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2020) ይፋ ሆነ። በአዲስ አበባ የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ ሕክምና ተለይቶ ተሰጠ። እንደ ሌላው ዓለም ሁሉ ጥየቃ ተገደበ፤ መጨባበጥና መሳሳም ቀርቶ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ በማለት ሰላምታ መለዋወጥ ተለመደ።

ወደ ሆስፒታል ከመሄድ በፊት

ከሁሉም የሚበልጠው ጥንቃቄ የሚደረገው ገና ከቤት ሳይወጣ ነው። ጠያቂው ትኩሳት፣ ሳል፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ማስነጠስ ወይም ሽፍታ ካለው ጥየቃውን ማስተላለፍ አለበት። «ቀላል ጉንፋን ነው» የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ አይሠራም። በጠያቂው ላይ ቀላል የሆነው በሕመምተኛው ላይ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። መድኃኒት ወስዶ ትኩሳትን አብርዶ መሄድም አይረዳም፤ መድኃኒቱ ምልክቱን እንጂ መተላለፉን አያስቀርም። ያለ ማብረጃ መድኃኒት ትኩሳቱ ከለቀቀ ቢያንስ 24 ሰዓት እስኪሞላና ሌሎቹ ምልክቶች እየተሻሉ እስኪሄዱ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከዚያም በኋላ ለጥቂት ቀናት ማስክ ማድረግ ይገባል። ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ያለው ሰው ከመጠየቁ በፊት ራሱ የቲቢ ምርመራ ማድረግ አለበት።

በቤት ውስጥ ሌላ የታመመ ሰው ካለም ጠያቂው ምልክት ሳይታይበት ሊያስተላልፍ ስለሚችል ሌላ የቤተሰብ አባል ቢሄድ ይመረጣል። ከውጭ አገር ዘመድ ለመጠየቅ በአውሮፕላን የመጣ ሰው በረጅሙ ጉዞና በየአውሮፕላን ጣቢያው ከብዙ ሰው ጋር ስለሚገናኝ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማስኩን አጥብቆ መጠቀምና ራሱን መከታተል ይኖርበታል።

ከመሄድ በፊት ስልክ ደውሎ አራት ነገር መጠየቅ ጊዜ ያድናል፦ የመጠየቂያው ሰዓት ስንት ነው? ስንት ሰው ይገባል? ልጆች ይፈቀድላቸዋል? ሕመምተኛው ምን መብላት ተፈቅዶለታል? በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል ያሉ ብዙ ሆስፒታሎች በኢንፍሉዌንዛ ወራት የጠያቂ ቁጥር ይቀንሳሉ ወይም ትንንሽ ልጆችን አያስገቡም። በቡድን ሄዶ ከበር ከመመለስ አስቀድሞ ተነጋግሮ ተራ መያዝ ይሻላል።

ክትባትም የዝግጅቱ አካል ነው። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት መከላከያ ለመገንባት 2 ሳምንት ያህል ስለሚፈልግ ክትባቱ በሚገኝበት አገር ወቅቱ ከመግባቱ በፊት መከተብ ይመከራል።

በሆስፒታል ውስጥ

እጅ ማጽዳት፦ ወደ ክፍሉ ሲገቡ፣ ሕመምተኛውን ከመንካት በፊት፣ ከነኩ በኋላና ሲወጡ እጅ መጽዳት አለበት። በአልኮል ማጽጃ (ሳኒታይዘር) ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በውኃና በሳሙና ከሆነ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይወስዳል። በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ካለ አልኮል በቂ ስላልሆነ በውኃና በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። ጓንት ማድረግ እጅ መታጠብን አይተካም።

ማስክ፦ አፍንጫን፣ አፍንና አገጭን መሸፈን አለበት። አገጭ ላይ የወረደ ወይም አፍንጫን ያላካተተ ማስክ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ፊት ለፊቱን በእጅ መነካካት አይገባም፤ ከረጠበም ይቀየራል። አንዳንድ ሰው ሕመምተኛ ፊት ማስክ ማድረግ መጸየፍ ይመስልብኛል ብሎ ያወልቃል። ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ የጠያቂው ማስክ በዋናነት የሚጠብቀው ሕመምተኛውን ነው። ይህንኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር መንገር ቅሬታውን ያስቀራል።

ሰላምታ፦ ጉንጭ መሳም፣ ማቀፍና ፊትን ወደ ፊት ማስጠጋት ይቅር። እጁን የጸዳ ሰው የሕመምተኛውን እጅ መያዝ ግን ይችላል፤ ለብቸኛ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሳልና ማስነጠስ፦ በሶፍት ወይም በክርን ውስጠኛ ክፍል አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ ሶፍቱን ወዲያው በቆሻሻ መጣያ ጥሎ እጅን ማጽዳት ያስፈልጋል። በመዳፍ መሸፈን ጀርሙን ወደ እጅ ማዛወር ነው።

ቁጥርና ጊዜ፦ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰው በላይ አለመግባት፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በላይ አለመቆየት ጥሩ ልክ ነው። ሕመምተኛ እንግዳ ፊት ተኝቶ መታየት ስለሚያሳፍረው ቢደክመውም «ሂዱልኝ» አይልም። ስለዚህ ጊዜውን መጠበቅ የጠያቂው ድርሻ ነው።

ቦታና ዕቃ፦ አልጋ ላይ መቀመጥ፣ የሌላ ሕመምተኛ አልጋ ላይ ልብስና ቦርሳ ማስቀመጥ፣ የኦክስጅን ቱቦና የመድኃኒት መስጫ መስመሮችን መነካካት አይገባም። ከአልጋ ወደ አልጋ እየዞሩ ሁሉንም መጠየቅ ደግነት ቢመስልም በሽታን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዞር መንገድ ነው። ሕመምተኛው ኔቡላይዘር ሲታጠን ወይም አክታ ሲመጠጥለት ከወትሮው የበዛ ረቂቅ ቅንጣት ወደ አየር ሊወጣ ስለሚችል ጠያቂ ወጣ ብሎ መጠበቅ አለበት።

ምግብ፦ በሐኪም ያልተከለከለ፣ በንጹሕ ዕቃ የተከደነና በዕለቱ የሚበላ ይሁን። ከአንድ ሳህን መጉረስና ማጉረስ፣ አንድ ኩባያ መጋራት መቅረት አለበት። ረዳት የሚፈልግ ሕመምተኛ በራሱ ማንኪያ ይመገባል።

መስኮትና «ነፋስ»

በብዙ ዋርዶች በአስታማሚዎች መካከል የሚነሣው ክርክር ስለ መስኮት ነው። በኢትዮጵያ ነፋስ ያሳምማል የሚለው እምነት ጠንካራ ስለሆነ በታክሲም በሆስፒታልም መስኮት ይዘጋል። ነገር ግን ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛና ሳንባ ነቀርሳ የሚመጡት ከጀርም እንጂ ከሚነፍስ አየር አይደለም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ጀርሙ ይጠራቀማል፤ በተከፈተ ክፍል ውስጥ ግን ይበተናልና ይሳሳል።

በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ስምንት ሆስፒታሎች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። መስኮትና በር ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት በአማካይ 28 ጊዜ ያህል ተቀያይሯል። ይህም በአየር ለሚተላለፉ በሽታዎች በተለዩ ክፍሎች በማሽን ይሰጣል ተብሎ ከሚታሰበው 12 ጊዜ በላይ ነው። ትልልቅ መስኮትና ከፍ ያለ ጣሪያ ያላቸው አሮጌ ሕንፃዎች ከአዲሶቹ የበለጠ አየር አግኝተዋል። በርና መስኮት ትይዩ ሆነው ሲከፈቱ ውጤቱ የተሻለ ነው።

ይህ ማለት ሕመምተኛው ይቀዝቅዘው ማለት አይደለም። የዘመናዊ ነርስነት መሥራች ተብላ የምትታወቀው ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመችው የነርስነት መጽሐፍ የመጀመሪያውን ቦታ የሰጠችው ለዚህ ጉዳይ ነበር፤ የክፍሉ አየር እንደ ውጭው ንጹሕ ሆኖ ሕመምተኛው ግን እንዳይበርደው። በተግባር ሲታይ መፍትሔው ብርድ ልብስ መጨመር፣ አልጋውን ከነፋሱ መስመር ፈቀቅ ማድረግና መስኮቱን በከፊልም ቢሆን ክፍት መተው ነው። የክረምት ብርድ ወይም ዝናብ መስኮቱን የግድ የሚያዘጋ ከሆነ የጠያቂን ቁጥር መቀነስና በየጊዜው ለጥቂት ደቂቃ መክፈት ያስፈልጋል። በተለየ ክፍል የተኛ ተላላፊ በሽታ ያለበት ሰው ከሆነ ግን በርና መስኮትን በተመለከተ የነርሷን ትእዛዝ መከተል ይገባል፤ ወደ ኮሪደር የሚከፈት በር አየሩን ወደ ሌሎች ሊልከው ይችላልና።

ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ሁኔታዎች

አራስና ጨቅላ ሕፃን፦ አራስ መጠየቅ ደስታ ያለበት ልማድ ነው፤ ገንፎው ይበላል፣ ሕፃኑም ከእጅ እጅ ይዞራል። ነገር ግን ጨቅላ ሕፃን አር.ኤስ.ቪ.ን፣ ትክትክንና ኢንፍሉዌንዛን የሚቋቋምበት አቅም ገና አልገነባም። ሕፃኑን አለመሳም፣ በተለይ ከአፍና ከአፍንጫው አካባቢ መራቅ፣ ካቀፉም እጅን ታጥቦ ማቀፍ ይገባል። ሳል ያለበት ሰው እናቲቱን በስልክ እንኳን ማርያም ማረችሽ ቢል ይበቃል።

የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ፦ ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ሕመምተኛው ማስክ ማድረጉ ብዙ ይረዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የደቡብ አፍሪካ ጥናት መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያለባቸው ሕሙማን ተራ የቀዶ ሕክምና ማስክ ሲያደርጉ መተላለፉ በ56 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ለጠያቂው ግን ተራ ማስክ በቂ ስላልሆነ ፊት ላይ የሚገጥም ኤን-95 የመሰለ ማስክ ያስፈልገዋል። የሚቻል ከሆነ ጥየቃው ውጭ፣ በግቢ ውስጥ ይሁን። ትክክለኛ መድኃኒት ሲጀመር ተላላፊነቱ በፍጥነት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሕመምተኛውን ማግለል ወይም ዕቃውን መለየት መሠረት የለውም። መገለል ሕክምናን ወደ ማቋረጥ፣ ማቋረጡም መድኃኒት ወደ ተላመደ ቲቢ ይመራል።

ልጆች፦ ትንንሽ ልጆች ጉንፋን በቀላሉ ይይዛቸዋል፤ ማስክና እጅ መታጠብንም አጥብቀው አይከተሉም። ካስፈለገ ከጤና ባለሙያው ጋር ተነጋግሮ፣ ጤነኛ መሆናቸውን አረጋግጦ ለአጭር ጊዜ ማስገባት ይቻላል።

በመጨረሻ ሰዓት ላይ ያለ ሰው፦ የማይመለስ ስንብት ስለሆነ ደንቡ ይላላል። ብዙ ሆስፒታሎች ቅርብ ቤተሰብ፣ ቄስ ወይም ሼኽ በሙሉ መከላከያ እንዲገቡ ይፈቅዳሉ። ጉንፋን የያዘው ልጅ እንኳ አባቱን ለመሰናበት ማስክ አድርጎ እንዲገባ ሊፈቀድለት ይችላልና ሁኔታውን ሳይደብቁ ለባለሙያው መንገር ነው።

የአስታማሚ ድርሻ

አስታማሚ ሌት ተቀን አንድ አየር ስለሚተነፍስ ከጠያቂ ይልቅ የተጋለጠ ነው። ከቤተሰቡ ጤነኛ የሆኑ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ተመርጠው እየተፈራረቁ ቢያስታምሙ የሚገባው ሰው ቁጥር ይወሰናል፤ ድካሙም ይከፋፈላል። አስታማሚው ካመመው ደብቆ ከመቆየት ይልቅ ተክቶ መሄድ አለበት። ጠያቂ ሲበዛ «ሐኪም ከልክሏል» ብሎ በትሕትና መመለስም የአስታማሚው ሥራ ነው። ሕመምተኛው ራሱ ይህን መናገር ስለሚከብደው ሌላ ሰው ሊናገርለት ይገባል።

ከጥየቃ በኋላ

ከሆስፒታል ሲወጡ እጅ ይጸዳል፤ ቤት ሲደርሱም በተለይ ሕፃን ወይም አረጋዊ ከመንካት በፊት እንደገና ይታጠባሉ። በሚቀጥሉት ቀናት ትኩሳት ወይም ሳል ከጀመረ ሌላ ሕመምተኛ መጠየቅ ይቆማል። ለሐኪምም በቅርቡ ሆስፒታል መግባትን መንገር ያስፈልጋል። ጠያቂው ከጥየቃ በኋላ በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ በጉንፋን መሰል በሽታ ከታመመ ለአስታማሚው ወይም ለዋርዱ ነርስ ማሳወቅ የተጋለጡትን ሰዎች ቀድሞ ለመከታተል ይረዳል።

ሳይሄዱ መጠየቅ

መሄድ ያልቻለ ሰው ጠያቂ መሆኑን አላጣም። ስልክ መደወል ወይም በቪዲዮ መነጋገር፣ በቴሌብር ወይም በባንክ ለመድኃኒት ገንዘብ መላክ፣ ደም መለገስ፣ ለአስታማሚው ምግብ ማድረስ፣ የሕመምተኛውን ልጆች ከትምህርት ቤት ማምጣት ሁሉም ጥየቃ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በእስራኤል ወይም በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶች ሲያደርጉት የኖሩትም ይህንኑ ነው። «ጉንፋን ይዞኝ እንዳልጎዳህ ብዬ ነው የቀረሁት» የሚል ግልጽ መልእክት ከተላከ መቅረቱ እንደ ንቀት አይቆጠርም፤ እንዲያውም አክብሮት መሆኑ ይታወቃል።

የጥየቃ ክልከላና ገደቡ

ጥየቃን ሙሉ በሙሉ መዝጋት የራሱ ጉዳት አለው። በኮቪድ-19 ወቅት በብዙ አገሮች ሰዎች ያለ ቤተሰብ ሞተዋል፤ ቤተሰብም ሳይሰናበት ቀርቷል። አረጋውያን በብቸኝነት ግራ ተጋብተዋል፤ የሕመምተኛውን ታሪክና ልማድ የሚያስረዳ ዘመድ በማጣትም የሕክምና ባለሙያዎች ተቸግረዋል። ከዚህ በኋላ አንዳንድ አገሮች ሕግ አወጡ። በአሜሪካ የፍሎሪዳ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2022 ሕመምተኛ ጠያቂ የማግኘት መብቱ እንዲጠበቅ የሚያደርግ ሕግ ደነገገች። በእንግሊዝ ደግሞ ከሚያዝያ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሆስፒታሎችና የአረጋውያን መኖሪያዎች ከልዩ ሁኔታ በቀር ጥየቃን እንዲፈቅዱ የሚያስገድድ ደንብ ጸንቷል።

ስለዚህ በአሁኑ ጊዜ የሚመረጠው አካሄድ በሩን መዝጋት ሳይሆን ጥየቃውን ማስተካከል ነው። ሆስፒታሉ የእጅ መታጠቢያ፣ ማስክ፣ ግልጽ የመጠየቂያ ሰዓትና ምክንያቱን የሚያስረዳ ማስታወቂያ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ያቀርባል። ጠያቂውም ጤንነቱን መርምሮ፣ ተራውን ጠብቆ ይገባል። በር ላይ የሚቆመው ጥበቃም ሆነ ነርሷ «በቃ፣ ጊዜው አልቋል» ሲሉ የሚጠብቁት በአልጋ ላይ ያለውን ዘመድ ነው።

ደግሞ ይዩ

- ኢንፍሉዌንዛ
- ሳንባ ነቀርሳ
- ኮቪድ-19
- ኩፍኝ
- የኅዳር በሽታ
- ፍሎረንስ ናይቲንጌል
- ዕድር